ያማሺታን ለዱላ ምስክር አታቁሙት

ሰሞኑን በጎጃም የስፖርት ወዳጆች ዘንድ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። ርዕሱ «ያለ ዱላ ሻምፒዮን የለም» ይላል። ጸሐፊው የጃፓናዊውን የጁዶ ሻምፒዮንና አሠልጣኝ የያሱሂሮ ያማሺታን ሕይወት ይተርኩና መጨረሻ ላይ የደብረ ማርቆስና የባሕር ዳር ወላጆች ልጆቻቸውን «ማስተሩ ዱላ ወደያዘበት ክለብ» እንዲወስዱ ይመክራሉ። ስለ ያማሺታ በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ተገኘ ብዬ ማንበብ ስጀምር ደስ ብሎኝ ነበር። ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ስደርስ ደስታዬ ቀዘቀዘ፤ ማሳረጊያውን ሳነብማ ዝም ብሎ ማለፍ አቃተኝ። ጸሐፊውን በአካል አላውቃቸውም፤ ከአጻጻፋቸው በዕድሜ እንደሚበልጡኝ ስለገመትኩ በአንቱታ እቀጥላለሁ። እኔ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ልጆችን ቴኳንዶ የማሠለጥን ሰው ነኝ። ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።

በመጀመሪያ «ያሸነፈለት ገላው ነው» ይላሉ። ገላው ከሆነ ዱላው ምን ሊሠራ መጣ? ይህን ለጊዜው እንተወው። ያማሺታ በ1957 ኩማሞቶ ውስጥ የተወለደ ሲሆን ከልጅነቱ ጀምሮ ከእኩዮቹ የገዘፈ ነበር፤ እዚህ ድረስ ልክ ነዎት። በጎልማሳነቱ ቁመቱ 1 ሜትር ከ80፣ ክብደቱ ወደ 127 ኪሎ ነበር። ደጀን አውቶቡስ መናኸሪያ ቢቆም ሰው ዞር ብሎ ያየዋል። በከባድ ሚዛን ጁዶ መንደር ግን ይህ ማንንም አያስደነግጥም። የአገሩ ልጅና ዋና ተቀናቃኙ ሂቶሺ ሳይቶ ከእሱ ይከብድ ነበር፤ የግብፁ ሞሐመድ አሊ ራሽዋን ደግሞ በቁመት ይበልጠው ነበር። ገላ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሁለቱም ይጥሉት ነበር።

የያማሺታ መሣሪያ መሬት ላይ ያለው ትግል ነው። እኛ ዘንድ እረኞች መስክ ላይ ሲታገሉ ጀርባው መሬት የነካ ተሸነፈ፣ ጨዋታው አለቀ። በጁዶ ግን አወዳደቁ በኃይል፣ በፍጥነትና በሙሉ ጀርባ ካልሆነ በቀር ግጥሚያው መሬት ላይ ይቀጥላል። ብዙ ከባድ ሚዛኖች ተቃዋሚያቸውን ግማሽ ያህል ጥለው፣ ትንፋሻቸውን ሰብስበው፣ ዳኛው እንዲያስነሳቸው ይጠብቃሉ። ያማሺታ አይጠብቅም። በግራ ይይዛል፣ በግራ እግሩ ጠልፎ ይጥላል፣ የሚወድቀው ሰው መሬት ሳይደርስ አብሮት ወርዶ ደረቱ ላይ ይገኛል። በዚያ ዘመን ሕግ ሰውን በጀርባው 30 ሰከንድ አጥብቆ የያዘ ሙሉ ነጥብ፣ ማለትም ኢፖን ያገኛል፤ ግጥሚያውም እዚያው ያበቃል። ይህን ያስተማሩት ኖቡዩኪ ሳቶ ናቸው። እሳቸውም በ1967 እና በ1973 የዓለም ሻምፒዮን የነበሩ፣ በመሬት ትግል የተመሰከረላቸው ሰው ናቸው። እንግዲህ ገላው የእናቱ ስጦታ ቢሆን እንኳ፣ ሰዓቱን ጠብቆ መሬት መውረድን እናት አትወልደውም።

ሁለተኛው ነጥብ «በሕይወቱ ተሸንፎ አያውቅም» የሚለው ነው። ጸሐፊው 203 ተከታታይ ድሉን ጠቅሰው ነው እዚህ የደረሱት። ቁጥሩ እውነት ነው፤ ድምዳሜው አይደለም። ከ1977 ጀምሮ በ1985 እስኪያቆም ድረስ 203 ጊዜ ሲያሸንፍ በመሐል 7 ጊዜ አቻ ወጥቷል። በጠቅላላው የውድድር ዘመኑ ደግሞ 16 ጊዜ ተሸንፏል፤ አብዛኛው ሳይበስል የገጠመው ነው። በውጭ አገር ሰው አለመሸነፉ ግን ትክክል ነው። የክብደት ልዩነት የሌለበትን የመላው ጃፓን ሻምፒዮና በ1977 ገና በ19 ዓመቱ ወስዶ እስከ 1985 ድረስ 9 ጊዜ በተከታታይ አላስነካም። የመጨረሻው ግን የሚያከራክር ነው። በዚያ ፍጻሜ ሳይቶ እግሩን ሊጠልፍ የገባውን ያማሺታን ወደ ኋላ አውርዶት ነበር፤ ነጥብ አልተሰጠውም፤ በዳኞች ውሳኔ ያማሺታ አሸነፈ። ፍርዱን ለእኔ ቢሰጡኝ ለሳይቶ እሰጥ ነበር። ሰውን ለማክበር መልአክ ማድረግ አያስፈልግም።

«ጁዶ የጃፓን ብቻ ነበር፤ ከያማሺታ በፊት የውጭ ሰው አልደፈረውም» የሚለውን ባጭሩ ልለፈው። ሆላንዳዊው አንቶን ጌሲንክ በ1961 ፓሪስ ላይ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። በ1964 ቶኪዮ ኦሊምፒክ ደግሞ በራሳቸው አዳራሽ፣ በራሳቸው ሕዝብ ፊት አኪዮ ካሚናጋን በመሬት ትግል ይዞ ወርቁን ወስዷል። ይህ የሆነው የእኛው አበበ ቢቂላ በዚያችው ከተማ ማራቶንን ለሁለተኛ ጊዜ ባሸነፈ በሁለተኛው ቀን ነው። ያማሺታ ያኔ የ7 ዓመት ልጅ ነበር። እሱ ያደገው የተደፈረ ጁዶ ውስጥ ነው።

ሦስተኛው ነጥብ አበሳጭቶኛል። ጸሐፊው «በ1980 ለፖለቲካ ብሎ ሞስኮን ንቆ ቀረ» ብለው ጽፈዋል። ይህን የሚል ኢትዮጵያዊ ያስገርመኛል። ጃፓን ከአሜሪካ ጎን ቆማ ኦሊምፒኩን እንድትተው ግፊቱ ሲበረታ ያማሺታ ከሌሎች ስፖርተኞች ጋር በአደባባይ፣ በካሜራ ፊት፣ እያለቀሰ «እንሂድ» ብሎ የለመነ ሰው ነው። አልተሰማም። ግንቦት 24 ቀን 1980 የጃፓን ኦሊምፒክ ኮሚቴ አለመሄድን ወሰነ። በማግስቱ ደግሞ ከሱሚዮ ኤንዶ ጋር ሲገጥም ኤንዶ ሁለት እግሮቹን እንደ መቀስ አድርጎ ጠለፈውና የግራ እግሩ አጥንት ተሰበረ። ያ አጠላለፍ ዛሬ በጁዶ ውድድር የተከለከለ ነው። ግጥሚያው አቻ ተባለ፤ ቅድም ካልኳቸው 7 አቻዎች አንዱ ይኸው ነው። በሁለት ቀን ውስጥ ኦሊምፒኩንም እግሩንም ያጣ ሰው «ንቆ ቀረ» ይባላል?

እኛ ይህን ታሪክ በራሳችን ልጅ እናውቀዋለን። ምሩጽ ይፍጠር በ1976 ሞንትሪያል ድረስ ሄዶ፣ አፍሪካ በአፓርታይድ ጉዳይ ውድድሩን ስትተው ሳይሮጥ ተመለሰ። አራት ዓመት ጠብቆ በሞስኮ 5 ሺውንም 10 ሺውንም ጠቀለለ። ማርሽ ቀያሪውን «ንቆ ቀረ» የሚል ጎጃሜ አላጋጠመኝም። ምሩጽ ሁለት ወርቅ ባጠለቀበት ኦሊምፒክ ያማሺታ አልነበረም፤ ያማሺታ ወርቁን ባገኘበት በሎስ አንጀለስ ደግሞ ኢትዮጵያ አልነበረችም። ስፖርተኛ ፖለቲካን አይመርጥም፤ ፖለቲካው ነው እሱን የሚመርጠው።

ወደ ሎስ አንጀለስ ከመጣን አይቀር አራተኛውን ነጥብ እናንሳ። ጸሐፊው «ግብፃዊው አዝኖለት ወርቁን ሸለመው» ይላሉ። ይህ ተረት በእኛ አገር ብቻ ሳይሆን በብዙ ቦታ የሚወራ ነው፤ ስለሚያምር ሰው አይመረምረውም። የሆነውን በቅደም ተከተል ላስቀምጥ።

በ1984 ያማሺታ በሁለተኛ ግጥሚያው ከምዕራብ ጀርመኑ አርቱር ሽናቤል ጋር ሲታገል የቀኝ ባቱ ጡንቻ ተቀደደ። በግራ የሚጥል ሰው ሲጥል የሚቆመው በቀኝ እግሩ ላይ መሆኑን ልብ ይበሉ፤ የተጎዳው ምሰሶው ነው። ሲያነክስ አዳራሹ ሁሉ አየው። በግማሽ ፍጻሜው የፈረንሳዩ ሎራን ዴል ኮሎምቦ ገና በጅምሩ ጣለውና ትንሿን ነጥብ ወሰደ። ያማሺታ መልሶ ጣለው፤ እንደ ልማዱም መሬት ላይ ተከትሎ ያዘው። ከዚያ ፍጻሜ፣ ከራሽዋን ጋር።

ራሽዋን አልቆመለትም። ሊጥለው በሙሉ ገላው ገብቷል። ያማሺታ ሸርተት አለ፤ ራሽዋን በራሱ ኃይል ወደ ፊት ሲሄድ ሚዛኑ ተሰበረ፤ ያማሺታ ከላይ ወርዶ በጎን ተጭኖ ያዘው። ጃፓኖች ዮኮ ሺሆ ጋታሜ የሚሉት አያያዝ ነው፤ አንድ እጅ በአንገት ሥር፣ አንድ እጅ በጭን መሐል፣ ደረት በደረት ላይ። ራሽዋን ወገቡን እንደ ድልድይ ቀስቶ ሊነሳ ታገለ፤ አልሆነም። ሁለት ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ አለቀ። እንዲህ ባለ አያያዝ ውስጥ የቀኝ ባት ብዙም ሥራ የለውም፤ ያማሺታ መሬቱን የመረጠውም ለዚህ ይመስለኛል።

ራሽዋን የተጎዳውን እግር ለይቶ ማጥቃት እንዳልፈለገ ተናግሯል፤ ዓለም አቀፍ የፌር ፕሌይ ሽልማትም አግኝቷል። ሽልማቱ ይገባዋል። ወደ መድረኩ ሲወጡ ያማሺታን እጁን ይዞ ያገዘውም እሱ ነው። ግን የሰውን ቁስል አለመርገጥና ወርቅን መስጠት አንድ አይደሉም። «ሸለመው» ስንል ሁለቱንም እንሰድባለን፤ ያማሺታን በልመና እንዳገኘ፣ ራሽዋንን ደግሞ ለማሸነፍ እንዳልሞከረ እናደርጋቸዋለን። አንድ አፍሪካዊ በኦሊምፒክ ፍጻሜ ለማሸነፍ ታግሎ ተሸነፈ። ይህ ለእኔ ከተረቱ የበለጠ ያኮራል።

አምስተኛ፣ «በአሠልጣኝነቱ ግን ወድቋል፤ ለስላሳ ስለነበረ ጃፓን ተዳከመች» ይላሉ። ልብ በሉ፣ ከዱላው ክርክር ጋር ድልድዩ እዚህ ነው የተሠራው፦ በዱላ አድጎ ሻምፒዮን ሆነ፣ ዱላውን ጥሎ አሠልጥኖ ወደቀ። ሁለቱም እግሮች ሰባራ ናቸው።

ያማሺታ ከ1992 እስከ 2000 የጃፓን የወንዶች ብሔራዊ ቡድን ዋና አሠልጣኝ ነበር። በአትላንታ 1996 ወንዶቹ 2 ወርቅ አመጡ፤ ታዳሂሮ ኖሙራ በ60 ኪሎ፣ ኬንዞ ናካሙራ በ71 ኪሎ። በሲድኒ 2000 ወርቁ 3 ሆነ፦ ኖሙራ እንደገና፣ ማኮቶ ታኪሞቶ፣ ኮሴይ ኢኖዌ። አራተኛው ደግሞ ከእጅ የወጣ ነው። በከባድ ሚዛን ፍጻሜ የፈረንሳዩ ዳቪድ ዱዬ ሊጥል ሲገባ ሺኒቺ ሺኖሃራ እግሩን አሳልፎ እሱኑ ገለበጠው። አንዱ የጎን ዳኛ ለሺኖሃራ ሙሉ ነጥብ አሳየ፤ ሁለቱ ግን ነጥቡን ለዱዬ ሰጡ። ያማሺታ ተቃውሞውን አሰማ፤ ውጤቱ አልተለወጠም። በኋላ በጁዶ ዳኝነት ቪዲዮ እንዲገባ ከገፋፉት ግጥሚያዎች አንዱ ይህ ነው። ጸሐፊው «የከባድ ሚዛኑን ወርቅ እንኳ ማስጠበቅ አልቻለም» ያሉት ይህንን ግጥሚያ ከሆነ፣ ቢያዩት መልካም ነው።

አሠልጣኝ የሚለካው ደግሞ በያዘው ዘመን ሜዳሊያ ብቻ አይደለም። ኢኖዌ በቶካይ ዩኒቨርሲቲ የያማሺታ ተማሪ ነበር። ከሲድኒ አንድ ዓመት በፊት እናቱን ያጣ ልጅ ነው፤ ሽልማቱን ሊቀበል መድረኩ ላይ ሲወጣ ፎቶዋን ይዞ ወጣ። ይህ ልጅ አድጎ ራሱ ዋና አሠልጣኝ ሆነ። ቡድኑን የተረከበው የጃፓን ወንዶች ለንደን 2012 ላይ አንድም ወርቅ ሳያገኙ ከተመለሱ በኋላ ነው። በሪዮ 2016 ሰባቱም ወንዶች ሜዳሊያ አጠለቁ፤ በቶኪዮው ኦሊምፒክ ከሰባቱ ሚዛን አምስቱን ወርቅ ወሰዱ። ወድቋል የተባለው አሠልጣኝ ተማሪ ነው ይህን የሠራው።

«ዛሬ ሹመት በሹመት ላይ እየደረበ በምቾት ይኖራል» የሚለውም መታረም አለበት። ከ2019 እስከ 2025 የጃፓን ኦሊምፒክ ኮሚቴን መርቷል፤ ልክ ነው። በጥቅምት 2023 ግን ሃኮኔ በተባለ የፍል ውኃ አገር ወድቆ የአንገቱ ሕብለ ሰረሰር ተጎድቶ ሰውነቱ ሽባ ሆኗል። በምቾት የሚለው ቃል አይሆንም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ጸሐፊው «ያልተቆነጠጠ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል» የሚለውን ተረት አስቀድመው ያማሺታን «የዱላ ፍሬ» ይሉታል። ቀጥለው በጎጃም ቅኔ ቤቶች፣ በዋሸራ፣ በጎንጅ፣ በዲማ ጊዮርጊስ ዱላ ባይኖር ኖሮ ሊቅ ባልወጣ ነበር ይላሉ።

በያማሺታ ልጅነት ውስጥ ዱላ የያዘ ሰው ካለ ራሱ ያማሺታ ነው። አንደኛ ደረጃ ሳለ ክፍል የሚበጠብጥ፣ ጓደኞቹን የሚመታ ልጅ ነበር። ራሱ በኋላ እንደተናገረው አንድ የክፍሉ ልጅ እሱን ፈርቶ ትምህርት ቤት አልሄድም እስከማለት ደርሷል። ለዚህ አመል መላ ብለው አያቱ ጁዶ አስጀመሩት። ቀጥሎ ያገኛቸው አሠልጣኝ ሬይሱኬ ሺራይሺ ምንጣፉ ላይ የተማራችሁት ከምንጣፉ ውጪ ካልታየ ዋጋ የለውም የሚሉ ሰው ነበሩ። ልጁ ጉልበቱን የሚያፈስበት ቦታና ሕግ አገኘ። ኦሊምፒኩን ካሸነፈ በኋላ የትውልድ ቀዬው የክፍል ጓደኞች የምስጋና ወረቀት አዘጋጅተው ሰጡት። ወረቀቱ በልጅነቱ እንዴት እንዳሠቃያቸው ይዘረዝርና አሁን ስላኮራቸው ይቅር እንዳሉት ይገልጻል። ያማሺታ ይህን እየሳቀ ይተርከዋል። ጸሐፊው ይህን ሰው ነው እንግዲህ ለዱላ ያስመሰከሩት።

የባሰው ይቀጥላል። በ2013 መጀመሪያ 15 የጃፓን ሴት ጁዶ ተወዳዳሪዎች በብሔራዊ ቡድን ሥልጠና ላይ እንደሚመቱና እንደሚሰደቡ ያቀረቡት አቤቱታ ይፋ ወጣ። ዋና አሠልጣኛቸው ሥራውን ለቀቀ። ፌዴሬሽኑ ከጁዶ ዱላን ለማጥፋት ያቋቋመውን ሥራ እንዲመራ የተሰጠው ለማን ይመስልዎታል? ለያማሺታ። ዱላን ከጁዶ ቤት እንዲያወጣ የታዘዘውን ሰው እርስዎ ዱላ አስይዘው ደብረ ማርቆስ አመጡት።

ስለ ቅኔ ቤቱም ልበል፤ እኔም የጎጃም ልጅ ነኝ። የኔታ ዱላ አልነበራቸውም አልልም። ነገር ግን ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን ይዞ፣ በየደጁ ከውሻ እየተከላከለ ቁራሽ ለምኖ ዋሸራ የሚገባ ተማሪ ዱላ ፍለጋ አይደለም የሚመጣው። በአጭሩ ቅኔ፣ በጉባኤ ቃና ይጀምራል። ዛፍ ሥር ገብቶ ቅኔ ሲቆጥር፣ ማለትም ሲያዘጋጅ ይውላል፤ ማታ ለየኔታ ይነግራል፤ የኔታ ሰሙ አልገጠመም፣ ቤቱ አልመታም ብለው ይመልሱታል፤ እንደገና ይቆጥራል። እንዲህ እያለ ረጅም ቅኔ ወደሆነው መወድስ ይደርሳል። ሊቁን ያወጣው ይህ ዕለት ዕለት የሚደረግ እርማት ነው። የጎጃምን ቅኔ ለዱላ መስጠት መምህራኑን ማሳነስ ነው፤ ዱላ ብቻ ቢበቃ ኖሮ የከብት እረኛ ሁሉ መሪጌታ በሆነ ነበር።

የዱላን ሥልጠና በጆሮዬ ብቻ አይደለም የማውቀው። ልጅ ሳለሁ የሠለጠንኩበት ቤት ማስተሩ የውኃ ቱቦ ይይዝ ነበር። አቋቋማችን ከተዛነፈ ባታችን ላይ ያሳርፍብናል። ውጤቱ ምን ሆነ? እሱ በቆመበት በኩል ያለው እግራችን ቀጥ ይላል፤ ማዶ ያለው እንደ ፈለገው ይንሻፈፋል። ዓይናችን ከተፋላሚያችን ይልቅ ቱቦውን ይከተላል። ውድድር ላይ ቱቦው የለም፤ ስለዚህ ሁለቱም እግር ይንሻፈፋል። ከመካከላችን ከሁሉ ከፍ ብሎ የሚዘልለው ልጅ አንድ ቀን ጆሮው ላይ ከተመታ በኋላ ቀረ፤ ቀረ።

እኔ ዘንድ ለሚመጣ ልጅ ከእርግጫው በፊት አወዳደቅ ነው የማስተምረው፤ ይህን ከጁዶ ነው የወሰድኩት። ገለባ የሞላ ፍራሽ አንጥፈን ልጁ ቁጢጥ ይላል። አገጩን ደረቱ ላይ ይለጥፋል፣ ዓይኑን ቀበቶው ላይ ያደርጋል፣ ወደ ኋላ ይንከባለልና ጀርባው ሲነካ በሁለቱም ክንዱ ፍራሹን ጧ ያደርገዋል፤ አቧራው ቦለል ይላል፣ ሌሎቹ ይስቃሉ። የፈራ ልጅ ይህን ማድረግ አይችልም። ሰውነቱ ይደርቃል፣ አገጩን ያነሳል፣ እጁን ወደ ኋላ ዘርግቶ መሬቱን ለመደገፍ ይሞክራል። አንጓ የሚሰበረው፣ ክርን የሚወልቀው፣ ማጅራት መሬት የሚመታው ያን ጊዜ ነው። በዱላ የፈራን ልጅ ጁዶም ሆነ ቴኳንዶ ማስተማር ማለት እጁን ለስብራት ማዘጋጀት ነው።

ስለዚህ ወላጅ ክለብ ሲመርጥ የማስተሩን እጅ ትቶ የልጆቹን አወዳደቅ ይይ። ጸሐፊውም ደብረ ማርቆስ ብቅ ካሉ በአዳራሻችን ቡና አፍልተን እንጠብቅዎታለን፤ የሲድኒውን ፍጻሜም በስልክ አብረን እናየዋለን። ዱላ እንዳይናፍቅዎት አንድ አለን፤ የመስኮቱ መዝጊያ ስለተሰበረ እሱን የምንደግፍበት ነው።